አስራ አንድ የጎደሉ ጥቁር ቁልፎች

በርበሬ ነጋዴ ነኝ። ይህን ከወዲሁ የምናገረው ለማስታወቂያ ብዬ አይደለም፤ ቡታጅራ ከመጣችሁ ግን ሱቄ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው፣ ማስነጠስ ስትጀምሩ ደርሳችኋል። የምናገረው የደረሰብኝ ሁሉ የደረሰብኝ ነጋዴ በመሆኔ ስለሆነ ነው። አስተማሪ ወይም ነርስ ብሆን ኖሮ ኦርጋኑን አይቼ፣ ዋጋውን ጠይቄ፣ ካለኝ ከፍዬ፣ ከሌለኝ አዝኜ ወደ ቤቴ እገባ ነበር። ነጋዴ ግን የወደደውን ዕቃ እንዲህ በቀላሉ አይገዛም። አስቀድሞ ይሰድበዋል።

ሙዚቃ የጀመረኝ እንደ ሪህ ዘግይቶ ነው። ከዓመታት በፊት እዚሁ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ ኦርጋን ይጫወት የነበረ ሰው በርበሬ ሊገዛ ሱቄ መጣና ገንዘብ አነሰው። «በርበሬውን ውሰድ፣ አስተምረኝ» አልኩት። አንድ ትምህርት በአንድ ኪሎ ተስማማን። ጠዋት ጠዋት፣ ሆቴሉ ሰው ሳይገባበት፣ እየሄድኩ ተማርኩ። በርበሬ ሲወደድ ትምህርቱን አቆምኩ። ስለዚህ ሰው «ሙዚቃ እስከ ስንት ተማርክ?» ሲለኝ መልሴ አጭር ነው፤ እስከ አስራ ሁለት ኪሎ። አስተማሪዬ ኋላ ኦርጋኑን ይዞ ከከተማው ወጣ። እኔ ጣቶቼን ይዤ ቀረሁ።

ጣት ደግሞ ሥራ ካጣ ያመዋል። ከሚዛኔ ጎን ያለችውን ጣውላ ልክ እንደ ኦርጋን አድርጌ ቀለም ቀባሁና ቁልፎቹን ሳልኩባት፤ ነጩ ሠላሳ ስድስት፣ ጥቁሩ ሃያ አምስት። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ጉድ ያመጣብኛል። ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ጣውላዬ ላይ በሁለት እጄ እሯሯጣለሁ። ድምፅ የላትም፤ ድምፁን የምጨምረው ራሴ በአፌ ነው። አንዲት የመስቃን ደንበኛዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና አንገቷን ነቀነቀች።

«ምነው ወንድሜ፣ ጣትህን እንዲህ ያንቀጠቅጥሃል? ሐኪም አየህ?»

«አላየሁም።»

«በጊዜ ነው እሱ» አለችና ሂሳቧን ሳትከራከር ከፍላኝ ሄደች። ያዘነልኝ ደንበኛ እንደማይከራከር ያን ቀን ተማርኩ።

ሙዚቃ የሚወድ እጅ አጠር ሰው ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ ማንጎራጎር ወይ ዕቃ በየተራ መግዛት። እኔ ሁለተኛውን መረጥኩ። ግን በነጋዴ ጭንቅላት ነው የመረጥኩት፤ የሚያስፈልገኝን ሳይሆን የረከሰውን። ቡኢ ላይ አንድ የሰርግ ቪዲዮ ቀራጭ ሥራ ሲቀይር የኦርጋን መቆሚያ አራገፈ፤ ገዛሁ። ቆሼ ገበያ የኦርጋን ቦርሳ አገኘሁ፤ ሻጩ የምን ቦርሳ እንደሆነ ስላላወቀ በጆንያ ዋጋ ሰጠኝ። ቀጥሎ አስር ሜትር ገመድ ከነጃኩ። ቀጥሎ የእግር ፔዳል። ቀጥሎ መንትያው የሞተችበት አንድ ሞንታርቦ፤ በሁለት ሰው የሚነሳውን ትልቁን ድምፅ ማጉያ ማለቴ ነው። በሦስት ዓመት ውስጥ ከኦርጋን በቀር የኦርጋን ነገር ሁሉ ሞላልኝ።

ባለቤቴ አስካለ ዕቃ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ አትወድም። መቆሚያው ላይ ልብስ አሰጣች። ቦርሳው ውስጥ ትርፍ ብርድ ልብስ ከተተች። ሞንታርቦውን ዳንቴል አልብሳ ቴርሞስ አስቀመጠችበት።

«ኮርቻውን ገዛህ፣ ልጓሙን ገዛህ፣ አለንጋውን ገዛህ» አለችኝ አንድ ቀን። «ፈረሱ የታለ?»

«እየመጣ ነው።»

«ከየት ቢነሳ ነው ሦስት ዓመት የፈጀበት?»

መስቀል እኛ ዘንድ የሥራ ድርሻ ያለው በዓል ነው። ቅቤው የሴት፣ በሬው የወንድ፣ ማገዶው የልጆች ነው። አስካለ ከጎረቤቶቿ ጋር የቅቤ ዕቁብ ገብታ ዓመቱን ሙሉ ታጠራቅማለች፤ መስከረም ሲጠባ ማሰሮዋ ጢም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ደግሞ ከአዲስ አበባ ለበዓሉ ለሚመጡት ዘመዶች «ለሚቀጥለው በኦርጋን ነው የምቀበላችሁ» እላለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት መስቀል አለፈ። በሦስተኛው አጎቴ ክትፎውን ጎረሰና «የዘንድሮው ኦርጋን ቅመሙ ልክ ነው» ብሎ ቤቱን በሳቅ ገደለው።

አስካለ አልሳቀችም። እንግዶቹን ሸኝታ ስትመለስ ፍርዷን ሰጠች።

«ለሚቀጥለው መስቀል ኦርጋኑ እዚህ ቤት ከገባ፣ እሰየው። ካልገባ መቆሚያውም፣ ሞንታርቦውም፣ ፔዳሉም ገበያ ይወጣሉ። እኔ በጠብታ ማሰሮ ሞላሁ። አንተ በሦስት ዓመት የሞላኸው ሳሎኑን ነው።»

ይግባኝ የሚባልበት ፍርድ አልነበረም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቆረጥኩ። ማኪያቶ ተውኩ። ባጃጅ ተውኩ። ጫማዬን ለሦስተኛ ጊዜ ሶል አስመታሁ፤ ሊስትሮው «ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ከላይ ያለውን ነው መቀየር የሚሻለው» አለኝ። ነሐሴ ሲገባ አስራ ሰባት ሺህ ብር ያዝኩ።

ያኔ ነው ሙደሲር ወሬ ይዞ የመጣው። ሙደሲር ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ከስድስት ክር አራቱ የቀሩት ቦክስ ጊታር አለው። ባንዳችን እኔና እሱ ነን። ሦስተኛ ሰው፣ ከበሮ መቺ፣ ነበረን፤ አግብቶ ተወን።

«አቦ ተነሳ!» አለኝ። «ወልቂጤ ለለቅሶ ሄጄ፣ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ ውስጥ ኦርጋን አየሁ። ቁምሳጥንና ፍሪጅ መሀል ቆሟል።»

«ስንት አሉት?»

«አልጠየቅኩም። ለቅሶ መጥቼ ዋጋ እጠይቃለሁ?»

«ታዲያ ሱቁ ምን ልታደርግ ገባህ?»

«ዝናብ።»

በማግስቱ የዘቢዳርን ተራራ በሚኒባስ ተሻግሬ ወልቂጤ ገባሁ። መንገዱን ሁሉ የበርበሬ ንግድ ያስተማሩኝ ሽማግሌ የነገሩኝን እየደገምኩ ነው የሄድኩት። «ዕቃ ጆሮ አለው» ይሉ ነበር። «እንደፈለግከው ከሰማ ይኮራብሃል።» ስለዚህ ሱቁ ስገባ ኦርጋኑን አላየሁትም። ማለቴ፣ ከበሩ ላይ አይቼዋለሁ፤ ዓይኔ ግን እንዳላየ ሆነ። ስለ ወንበር ጠየቅኩ። ስለ ፍሪጅ ጠየቅኩ። የፍሪጁን በር ከፍቼ አሸተትኩ። ከዚያ እንደተደናቀፈ ሰው ኦርጋኑ ላይ ደረስኩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድነው ሐጂ? ልብስ መተኮሻ ነው?»

የሱቁ ባለቤት ሐጂ ሸምሱ ቀጭን፣ ጢማቸው የነጣ፣ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሰው ናቸው። «ኦርጋን ነው ይላሉ» አሉ። «ወላሂ እኔ አላውቀውም። አንድ ሆቴል ሲዘጋ ዕቃውን በጅምላ ስገዛ አብሮ መጣ። ወንበር አርባ፣ ጠረጴዛ አስር፣ ፍሪጅ ሁለት፣ ይሄ አንድ።»

«ስንት ይሉታል? የወንድሜ ልጆች መጫወቻ ግዛልን እያሉ ያስቸግሩኛል።»

«ሃያ ሺህ።»

ልቤ ዘለለ፤ ፊቴ ግን አልሰማም። እንዲህ ያለ ኦርጋን አዲስ አበባ ቢሆን በዚህ ዋጋ ሳጥኑንም አይሸጡላችሁም። በደረቴ ኪስ ውስጥ ያለው ግን አስራ ሰባት ነው። ሦስቱን ሺህ ስድቡ መሙላት አለበት።

ጀመርኩ። «ቢጫ ሆኗል» አልኩ። «አዎ፣ ቆይቷል» አሉ። «ጥግ ጥጉ ተፈግፍጓል።» «ልክ ነህ።» «ድምፁም ከአፍንጫ ነው የሚወጣው።»

«እንዴት አወቅክ? መብራት እኮ የለም።»

«ሐጂ፣ ድምፅ የሌለው ዕቃ ከፊቱ ያስታውቃል።»

ሐጂ ተደነቁ። የሚያምን ሰው ሲገጥም ውሸት ልጓም ያጣል። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም።

«ደግሞ ጎዶሎ ነው» አልኩ። «ነጩን ይቁጠሩት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ቢስሚላህ ብለው በሌባ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩ። ሠላሳ ስድስት።

«ጥቁሩን?»

ቆጠሩ። ሃያ አምስት። እንደገና ከወዲያኛው ጫፍ ቆጠሩ። ሃያ አምስት።

«አስራ አንድ ጎድሎታል!» አሉ፣ መነጽራቸውን እያወለቁ።

«አስራ አንድ» አልኩ በሐዘን።

ኦርጋን ሲፈጠር እንዲያ ነው፤ ጥቁሩ ከነጩ ያንሳል፣ ያለም የነበረም ነው። እኔ ይህን ጣውላ ላይ ስዬ ስለማውቅ ነው ቁጥሩን አፌ ላይ ያገኘሁት። አሁን የሐጂ ተራ ነበር። በንግድ ሥርዓት ቀጥሎ የሚመጣው ቃል «ታዲያ ስንት ትሰጣለህ?» ነው። እኔም «አስራ ሰባት» የሚለውን ምላሴ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጠበቅኩ።

ሐጂ ግን ከመደርደሪያው ላይ አንሶላ አወረዱና ኦርጋኑን አስከሬን እንደሚሸፍን ሰው ሸፈኑት።

«አስተግፊሩላህ» አሉ። «ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ትናንት አንድ ሰው ሊገዛኝ ነበር። ዓይብ ያለበትን ዕቃ ሙሉ ነው ብዬ ልሸጥለት ነበር!»

«እኔ ግን ነውሩን አውቄ ነው ሐጂ። ዋጋውን ይቀንሱልኝና—»

«ስንት ልቀንስ? አስራ አንድ ቁልፍ ስንት ያወጣል? የማላውቀውን ነገር መዝኜ ዋጋ አልሰጥም። አንተን ብበድልህስ? ራሴን ብበድልስ? አይሆንም። ይሟላና ያኔ ትወስደዋለህ። የሆቴሉን ባለቤት እጠይቀዋለሁ፤ አስቀርቷቸው ይሆናል። ስልክህን ስጠኝ።»

ሰጠሁ። ምን ላድርግ? ወደ ቡታጅራ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ አንዲት ዶሮ ጭኔ ላይ ተቀምጣ መጣች፤ ከእኔ ይልቅ ደስተኛ ነበረች።

«ፈረሱስ?» አለች አስካለ።

«ጥርሱ ጎድሎ ተገኘ።»

በሳምንቱ ሐጂ ደወሉ። «አሰላሙ አለይኩም፣ የቡታጅራው ልጅ። ሰውዬውን አነጋገርኩት። አልወሰድኩም ብሎ ማለ። ምራቱ ሳትቀር ማለች። መሳቢያውን ሁሉ አስከፈትኩት፤ የለም።»

«ሐጂ... እንዲያው ሳስበው፣ ያለ ቁልፎቹም ቢሆን እኮ—»

«አንተ ደግ ሰው ነህ። ደግነትህን ግን አልጠቀምበትም» አሉና ዘጉ። ከስድብ የሚያቃጥል ምስጋና መኖሩን ያን ቀን አወቅኩ።

እውነቱን መናገር ነበረብኝ ትሉ ይሆናል። ቀላል ነው ለእናንተ። ነጋዴ ዋሾ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ነጋዴው ራሱ አፍ አውጥቶ ከተናገረው ግን ገበያ ላይ ምን ይዞ ይቆማል? ስለዚህ ሌላ ዘዴ አመጣሁ፤ አስራ ሰባቱን ሺህ አስይዤ ሙደሲርን ላክሁት። እንደ ሌላ ገዢ ይገባል፣ ኦርጋኑን አይቶ «ሙሉ ነው» ይላል፣ ተከራክሮ ይዞት ይመጣል። ሙደሲር ሄደ። በማግስቱ ሱቄ ሲገባ የያዘው ነገር አልነበረም፤ ገንዘቡን ብቻ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«የታለ?»

«ገና አሰላሙ አለይኩም ስላቸው 'ኦርጋን ከሆነ ዓይብ አለበት፣ አስራ አንድ ቁልፍ ይጎድለዋል' አሉኝ። ልክ ነው፣ ሲሠራም እንዲህ ነው ሐጂ፣ አልኳቸው።»

«እሺ?»

«'ከቡታጅራ የመጣ አዋቂ ሰው ፊቴ ነው ያስቆጠረኝ' አሉኝ።»

«እሺ?»

«ያ ሰውዬ ዋሽቶዎት ይሆናላ፣ አልኳቸው። 'የማታውቀውን ሰው ስም አታጥፋ፣ ደግ ሰው ነው' ብለው ተቆጡኝ። አቦ፣ ከሱቅ አስወጡኝ እኮ! ዝናብም አልነበረም።»

መስቀል አራት ቀን ሲቀረው ስልኬ ጮኸ። የሐጂ ድምፅ እንዲያ ደስ ብሎት ሰምቼው አላውቅም።

«አብሽር! ተገኘልህ!»

«ምኑ?»

«አናጢው! ሽብሩ የሚባል እጀ ብልህ ጎረቤት አለኝ። አስራ አንዱንም ከወይራ ጠርቦ፣ በጫማ ቀለም አጥቁሮ ጨርሷቸዋል። ነገ ከዙሁር ሶላት በኋላ ይተክላቸዋል።»

«በምን?» አልኩ። ድምፄ እንደ ሚኒባስ ረዳት ቀጠነ።

«በሚስማርና በኮላ። አትስጋ፣ አይነቀሉም» አሉና ዘጉ። ደጋግሜ ብደውል ስልካቸው ዝግ ነው።

ያን ዕለት የበርበሬ ሂሳብ ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ሦስቱንም ጊዜ በራሴ ላይ። በወይራ የተጠረበ አስራ አንድ ችካል በዚያ ኦርጋን ሆድ ውስጥ በሚስማር ሲገባ በዓይኔ ይሄድብኛል። ማለዳ ተነስቼ መናኸሪያ ገባሁ። ሚኒባሱ ሁለት ሰው ጎደለው። ረዳቱ «ሳይሞላ አይነሳም» አለ። እኔ፣ ባጃጅ የተውኩት ሰውዬ፣ የሁለት ባዶ ወንበር ሂሳብ ከፈልኩ። ረዳቱ ገንዘቡን ተቀብሎ ፊቴን አየና «ማነው የታመመው?» አለኝ። «ኦርጋን» አልኩት። «እግዜር ይማረው» አለ።

ተራራው ላይ ጉም ተኝቶበታል። ሹፌሩ በቀስታ ሄደ፤ አንድ ቦታ ቆጮ ተጫነ፤ አንድ ቦታ ቆጮው ወረደ። ወልቂጤ ስደርስ የሶላት ሰዓት አልፎ ሰው ከመስጊድ እየወጣ ነው። ሮጥኩ። ሦስተኛው ሶል እዚያ መንገድ ላይ ቀረ።

ሱቁ ስገባ ኦርጋኑ ጠረጴዛ ላይ በጀርባው ሊገለበጥ ተዘጋጅቷል። አናጢው ሽብሩ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ መሰርሰሪያውን ይዞ ያሰላል። አስራ አንዱ ጥቁር ቁልፎች በጋዜጣ ላይ ተደርድረው እንደ ተጠበሰ ጉበት ያበራሉ። አምስት ስድስት ሰው ለማየት ቆሟል።

«ሐጂ፣ አንድ ነገር አልገባኝም» ይላል ሽብሩ። «ክፍት ቦታው አስር ነው። አስራ አንደኛዋ የት ትግባ?»

«መለዋወጫ ትሁና» አሉ ሐጂ።

«ተው!» ብዬ ጮህኩ። መሰርሰሪያው ቆመ። ሁሉም ዞሩ። ትንፋሼ እስኪመለስ ሐጂ ወንበር ሰጡኝ፤ ከአርባዎቹ አንዱን። አልተቀመጥኩም። እንዲህ ያለ ነገር ተቀምጠው አይናገሩትም።

«ሐጂ፣ ምንም የጎደለ ቁልፍ የለም። ኦርጋን ሁሉ እንዲህ ነው። ዋጋ እንዲቀንሱልኝ ብዬ ዋሽቼ ነው።»

ሐጂ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ።

«ስንት እንድቀንስልህ?»

«ሦስት ሺህ።»

«ለሦስት ሺህ ብር...» አሉ ቀስ ብለው። «የሰው ቤት ሄጄ መሳቢያ አስከፈትኩ። ምራት አስማልኩ። እውነቱን ሊነግረኝ የመጣውን ልጅ አባረርኩ።»

«ያባረሩት የእኔ ጓደኛ ነው። እሱንም እኔ ነኝ የላክሁት።»

«እሱም?» አሉ። ከኋላ አንዱ ሳቀና ዓይናቸውን ሲያዞሩበት ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። «አሁንስ በምን ልመንህ? ያኔ ጎዶሎ ነው ያለኝ ምላስ ነው ዛሬ ሙሉ ነው የሚለኝ።»

«ምላሴን አይመኑት። ጣቴን ይዩት። ይሰኩልኝ።»

መብራት ነበር። ሽብሩ ራሱ ሰካው። ቀዩዋ መብራት በራች። ከአስራ ሁለት ኪሎ በኋላ የነካሁት ጣውላ ብቻ ነው፤ ጣቴ እውነተኛ ቁልፍ ላይ ይሠራ እንደሆነ ማን ያውቃል? ምቱን ፈልጌ አስነሳሁ፤ ያንን እግር የማያስቀምጠውን የጉራጌ ምት። ከዚያ ገባሁበት። ሠራ! የጣውላዋ ዓመታት አልባከኑም። ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለኝ። ሽብሩ መሰርሰሪያውን እንደያዘ በጉልበቱ ወረደ። ሐጂ አልተንቀሳቀሱም፤ የጫማቸው ጫፍ ግን ብቻውን ሥራ ጀምሯል።

ያኔ ነው ያገኘኋት። ከመሀል አንዲት ነጭ ቁልፍ፣ ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍባት፣ ዝም አለች። ድጋሚ ስደርስባት ዝም። በሦስተኛው መሬቱን በእግሬ ረግጬ አለፍኳት። ሰዉ የጨዋታው ወግ መሰለውና እኩል ከእኔ ጋር ረገጠ። ደህና አድርጋ የሞተች ቁልፍ! መጀመሪያ የመጣሁ ዕለት መብራት ስላልነበረ፣ እኔም በሌለ ነውር ተጠምጄ ስለነበር፣ ያለውን ነውር ሳላይ ቀርቻለሁ።

ጨርሼ ላቤን ጠረግኩ። ሐጂ ቀረብ አሉ።

«አሁን በአምላክህ ፊት ንገረኝ። ዓይብ አለበት ወይስ የለበትም?»

ሁለት አማራጭ ነበረኝ። የለበትም ብል ነገሩ ያልቃል። ግን ደግ ሰው ነው ያሉኝ ሽማግሌ ዓይን ዓይኔን እያዩኝ ነው።

«አለበት» አልኩ። «አንዲት ነጭ ቁልፍ አትናገርም።»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። ሐጂ ራሳቸው ሳቁ። «ይኸው! መቀነስ ጀመረ!» አሉ። «ሱብሃነላህ፣ አመል አይለቅም! አሁን ሲጫወት የጎደለ ነገር የሰማችሁ አለ?»

«የለም!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ።

«ወላሂ እውነቴን ነው ሐጂ» አልኩ፤ እኔ ክርስቲያኑ። «ይቺውና!» ብዬ ቁልፏን ልጫናት እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ።

ተጫንኳት። ዝም። ጎረቤቷን ተጫንኩ። ዝም። ሠላሳ ስድስቱንም ብጫን ዝም ናቸው።

«እንግዲህ ሁሉም አይናገሩም በላ!» አሉ ሐጂ እንባቸውን እየጠረጉ። «በቃ። ዕቃው ሙሉ ነው። ሃያ ሺህ። አንድ ብር አልቀንስም። የሽብሩን የእጅ ዋጋም አንተ ትከፍላለህ።»

«የያዝኩት አስራ ሰባት ነው።»

«ምንድነው የምትሸጠው?»

«በርበሬ።»

«ሦስቱን በበርበሬ ታመጣለህ። የሽብሩንም እንዲሁ። ዛላው ያልተሰበረ ይሁን። እኔ ራሴ አንድ በአንድ እቆጥረዋለሁ፤ መቁጠር አስተምረኸኛል።»

ተጨባበጥን። ሽብሩ አስራ አንዱን የወይራ ቁልፎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ከኦርጋኑ ጋር አስታቀፈኝ። «ውሰዳቸው» አለ፤ «ለእኔ ምን ያደርጋሉ?» በርበሬውን በማግስቱ ልኬ ቃሌን ጠበቅኩ። ሐጂ ደውለው «ሁለት ዛላ ተሰብሯል» አሉኝ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም።

የመስቀል ዕለት ሞንታርቦው ዳንቴሉን አወለቀ። ቴርሞሱ ወደ መደርደሪያው ተሰደደ። ልብሱ ከመቆሚያው ላይ ወረደ። ሙደሲር አራቱን ክሮች ይዞ መጣ። አጎቴ ክትፎውን እንደጎረሰ አፉን ሳይዘጋ ቀረ። ተጫወትኩ። የሞተችው ቁልፍ ጋ ስደርስ መሬት ልረግጥ እግሬን አነሳሁ፤ ከመርገጤ በፊት ግን ከጎኔ «ቷ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ዞር ስል አስካለ ናት። ከጋዜጣው ውስጥ አስራ አንደኛዋን የወይራ ቁልፍ፣ ያቺን ቦታ ያጣችውን፣ አንስታ የሞንታርቦውን ጎን መትታበታለች። ኦርጋኑን ስትወለውል ለካ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ሞክራቸው ነበር። ዜማው ዞሮ ሲመጣ ደግማ መታች። በልኩ። እኔ አስራ ሁለት ኪሎ የፈጀብኝን እሷ ያለ አንድ ግራም።

«አዲስ ስታይል ነው?» አለ አጎቴ።

«አዎ» አለ ሙደሲር፣ «ከበሮ መቺ ቀጥረናል።»

ዘመዶቹ እየጨፈሩ ወደ ደጅ ሲወጡ ለጥቂት ጊዜ ብቻችንን ቀረን።

«ያቺ ቁልፍ እንደማትናገር ለሰውዬው ነገርከው?» አለችኝ።

«ነገርኳቸው። አላመኑኝም።»

«ጎሽ» አለች፤ ለማን እንደሆነ አልተናገረችም።

«ታዲያ ኦርጋኑ እንዴት ነው?»

አስካለ የነጋዴ ሚስት ብቻ አይደለችም፤ የነጋዴ ልጅም ናት። ኦርጋኑን ከዳር እስከ ዳር አየችው። የወይራዋን ቁልፍ መቀነቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«ቢጫ ሆኗል» አለች። «ጥግ ጥጉም ተፈግፍጓል። ድምፁም ከአፍንጫ ነው የሚወጣው።»

ወደደችው ማለት ነው።